አቋረጡ ብለን የጻፍናቸው እናቶች

(ጳጉሜን 3 ቀን ደሴ ላይ በተደረገው የደሴና የኮምቦልቻ አባላት የጋራ ስብሰባ፣ በትምህርት ኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የዓለም የመሠረተ ትምህርት ቀን ነው። በዓሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የተከበረው በ1967 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከመካከላችን ብዙዎቻችን ገና አልተወለድንም ነበር። እኛም በየዓመቱ በዚህ ቀን ተሰብስበን በንባብ ክፍሎቻችን የተመዘገቡትን እናቶች ቁጥር እንሰማለን፣ እናጨበጭባለን፣ ቡናችንን ጠጥተን እንለያያለን። ዘንድሮ ከጭብጨባው በፊት የምንነግራችሁ ነገር አለ።

ባለፈው ዓመት ደሴ ላይ በከፈትነው ክፍል 34 እናቶች ተመዝግበው ነበር። ጥር ሲወጣ ወንበር ላይ የምናገኛቸው 9 ብቻ ነበሩ። በሰኔ በላክነው ሪፖርት ላይ ግን የጻፍነው ቁጥር 34 ነው። “ተመዝግበዋል” እንጂ “ተምረዋል” አላልንም ብለን ራሳችንን ማጽናናት እንችል ነበር። ነገር ግን የሚያነበው ሰው እንዴት እንደሚረዳው እናውቅ ነበር፤ እያወቅን ጻፍነው። ይህን ዛሬ የምንናገረው ማንም ስለደረሰብን አይደለም። ስም መጥሪያውን ደጋግመን ስናየው ከ25 ስሞች ፊት ለፊት በቀይ እስክሪፕቶ “አቋረጠች” የሚል ቃል ተጽፎ አገኘን፣ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልሰጠንም።

ስለዚህ የኮሚቴው አባላት ሁለት ሁለት እየሆንን ከሆጤ እስከ ሸዋ በር፣ ከሰኞ ገበያ እስከ ቧንቧ ውሃ ቤት ለቤት ዞርን። መጀመሪያ “ለምን ቀራችሁ?” ብለን ልንጠይቅ ነበር የተነሳነው። ከኮሚቴያችን በዕድሜ የገፉት እናት ግን “እንዲህ ብሎ ደጅ የሚቆመው አበዳሪ ነው፤ እኛ ምን አበድረናቸዋል?” አሉን። ልክ ነበሩ። ጥያቄውን ለወጥነውና “መጀመሪያ ስትመጡ ምን ፈልጋችሁ ነበር?” ብለን ጠየቅን። ቡና ተፈላልን፣ ከአቦሉ እስከ በረካው ተቀመጥን። ያልጠበቅነውን ሰማን።

ትምህርቱ ከ10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ነበር። ያን ሰዓት የመረጥነው እኛ ነን፤ የመረጥነውም የተዋስነው የሕፃናት መማሪያ ክፍል ባዶ የሚሆነው ያኔ ስለሆነ ነው። እንጀራ ጋግራ ለምትሸጥ ሴት ግን 10 ሰዓት ማለት ደንበኛ የሚመጣበት ሰዓት ነው። ልጅ ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ያኔ ነው፣ በሮመዷን ደግሞ የማፍጠሪያው ሾርባ የሚጣደው ያኔ ነው። ያንን ሰዓት ለፊደል ስጪ ማለት የዕለቱን ገቢ ስጪ ማለት ነበር። እኛ ግን ከክፍሉ ቁልፍ በቀር ያሰብነው ነገር አልነበረም።

ወንበሩም ሌላ ነው። “የሁለተኛ ክፍል ሕፃን የሚቀመጥበት ላይ ጉልበቴን አጥፌ ስቀመጥ፣ ስነሳ ሁለት ሰው ይጎትተኛል” ያሉን እናት እየሳቁ ነው የነገሩን፤ ሲስቁ ግን ዓይናቸው አይስቅም ነበር። ያስተምር የነበረው ወጣት ክፉ ልጅ አልነበረም፤ የለመደው ሕፃናትን ማስተማር ስለሆነ ሁሉንም “አንቺ” ይል ነበር፣ ተነስታችሁ አንብቡ ይል ነበር፣ ስትሳሳት የምትስቅ ጎረቤት ብትኖር ዝም ይል ነበር። ልጇን የዳረች ሴት በልጅ ልጇ እኩያ ፊት ተነስታ “ጨ” እና “ጠ” ስትለይባት ላቧ ይመጣል። ነገ ለምን ትመጣለች?

ስለ መጽሐፉ ብዙ አንናገርም። ለገጠር ገበሬ ተብሎ የተዘጋጀ ስለሆነ ስለ እርከንና ስለ ማዳበሪያ ነበር የሚናገረው። ለገበሬ መልካም ነው፤ መናኸሪያ አጠገብ ሻይ ለምትሸጥ ሴት ግን ሩቅ ነው።

ከሁሉ ያስደነገጠን ግን ሌላ ነበር። “ስሜን መጻፍ ፈልጌ ነበር” አለችን አንዷ። “ኅዳር ላይ ጻፍኩት። ባንክ ሄጄ፣ ጣትሽን ከቀለሙ ንከሪ ሲሉኝ፣ እስክሪፕቶ ስጡኝ ብዬ ፈረምኩ። ከዚያ ሥራ ነበረብኝ።” ይህች ሴት የመጣችበትን አግኝታ ነው የሄደችው። እኛ ግን በቀይ “አቋረጠች” ብለናታል። እንዲህ ያሉት እርሷ ብቻ አልነበሩም። የልጇን የክትባት ካርድ ቀን ለመለየት መጥታ፣ ቁጥርና የወር ስም ለይታ የሄደች አለች። ጨርሰው የሄዱትን ሳናመሰግን፣ ሳንጨርስላቸው የቀሩትን ይቅርታ ሳንጠይቅ፣ ሁሉንም በአንድ ቃል ጠቅልለናቸዋል።

በዚህ አዳራሽ ከ50 ዓመት በላይ የሆናችሁ እናቶች የመሠረተ ትምህርት ዘመቻውን ታስታውሳላችሁ። ዘመቻው ሐምሌ 1971 ዓ.ም ሲታወጅ መምህሩም ተማሪውም ወደ ቀበሌና ወደ ገጠር ወረደ፤ ትምህርቱ ከአማርኛ ሌላ በሌሎችም የአገራችን ቋንቋዎች ተሰጠ፣ ቋንቋዎቹም በሂደት 15 ደረሱ። በ1980 እ.ኤ.አ. አገራችን ለዚህ ሥራ በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አገኘች። ፋኖስ ይዘን ወደ ማታ ትምህርት ስንሄድ የነበረውን፣ ባል “ሴት ፊደል ቆጥራ ምን ልትሆን” ሲል ቀበሌው “ትሂድ” ብሎ ያስፈታን የነበረውን እናቶቻችን ሲያወሩ ዛሬም ፊታቸው ይበራል። መጽሐፉ የዘመኑን ፖለቲካ የተሸከመ መሆኑን፣ አንዳንዱም ሰው በግዴታ መቀመጡን አንዘነጋም። ቢሆንም ያንን ዘመቻ የሚያቃልል ንግግር እኛ አናደርግም፤ ሴት ልጅ መማር እንደምትችል ለመጀመሪያ ጊዜ በየመንደሩ በዓይን ያሳየ ነውና።

ግን ቤት ለቤት ስንዞር ያን ጊዜ የተሰጣቸውን የምስክር ወረቀት ከሳጥን አውጥተው ያሳዩን እናቶች ነበሩ። በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ከመታወቂያቸው ጋር ተቀምጦ። “ምን ይላል?” ብለን ስንጠይቅ አንዷ እናት ወረቀቱን ገልበጥ ቀና አድርገው “ያኔ አነበው ነበር” አሉን።

ይህን ቃል አልረሳነውም። ፊደሉን አልተማሩም አይባልም፤ ተምረው ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የሚያነቡት ነገር ወደ ቤታቸው አልመጣም። ጋዜጣ የለም፣ በትልልቁ የተጻፈ ቀላል መጽሐፍ የለም፣ የሚጽፉለት ሰው የለም። የ1977ቱ ድርቅ ሲመጣ ደግሞ ወሎ ውስጥ ደብተር የሚያስብ ማን ነበር? ያልተነበበ ፊደል ይጠፋል። እኛም ለ34ቱ እናቶች ልናደርግ የነበረው ይህንኑ ነው፤ ፊደል አስቆጥረን፣ ወረቀት ሰጥተን፣ በር ልንዘጋ።

ይህን የተረዳነው እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። አገራችን በ2000 ዓ.ም ባወጣችው የጎልማሶች ትምህርት ስትራቴጂ፣ ከዚያም በተስፋፋው የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት ውስጥ ሐሳቡ በግልጽ ተጽፏል፤ ንባቡ ከሰውየው ኑሮ ጋር፣ ከጤናው፣ ከእርሻው፣ ከገቢው ጋር ይያያዝ ይላል። ሐሳቡ የሚነቀፍ አይደለም። ችግሩ ወረቀቱ ላይ “ተግባር ተኮር” ተብሎ ክፍሉ ውስጥ ሲደርስ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ብቻ ሆኖ መቅረቱ ነው። በብራዚል ፓውሎ ፍሬሬ የተባለው መምህር በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ድሆች ሠራተኞችን ሲያስተምር የተነሳው ከሠራተኞቹ አፍ ከሚወጡ ቃላት ነበር፤ “ጡብ” ከሚለው ቃል ለምሳሌ። ጡብ የሚሸከም ሰው “ጡብ” የሚለውን አንብቦ፣ ጡቡን ማን እንደሚሠራው፣ ቤቱን ማን እንደሚኖርበት ይነጋገር ነበር። እኛም “የኛ ጡብ ምንድን ነው?” ብለን ጠየቅን።

መልሱን እናቶቹ ይዘው መጡ። ጥሪያችን ቀላል ነበር፤ “ቤታችሁ ውስጥ ያለ፣ ማንበብ የምትፈልጉትን አንድ ወረቀት ይዛችሁ ኑ።” ምንጣፍ ላይ የተዘረጋውን ብታዩት! የቁጠባ ደብተር፣ የብድር ውል፣ የመብራት ደረሰኝ፣ የመድኃኒት ካርቶን፣ የልጅ የፈተና ውጤት፣ የቅሬ መዋጮ መዝገብ፣ የስልክ መልእክት፣ ከጂዳ የመጣ ደብዳቤ።

ስለ ደብዳቤው እንንገራችሁ፤ ባለቤቷ ፈቅዳልናለች። ልጇ ዓረብ አገር ሆና ከዓመታት በፊት የላከችው ነው። ያኔ ያነበበላት የቤቱ ወንድ ልጅ ነበር፤ “ሰላም ናት፣ ገንዘብ ልካለች” ብሎ አጥፎ ሰጣት። እናትየው ግን ደብዳቤው ረጅም፣ ንባቡ አጭር መሆኑን ልብ ብላ ነበር። ደብዳቤውን ከቀሚሶቿ ሥር አስቀመጠችው። ዘንድሮ ከስድስት ወር ትምህርት በኋላ በጣቷ እየተከተለች፣ አንድ ከሰዓት ሙሉ ፈጅቶባት አነበበችው። መካከል ላይ “ገንዘቡን ለወንድሜ እንዳትሰጪው፣ ለራስሽ ነው” የሚል አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እርሷም ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች። “አብሽሪ” አሏት ጎረቤቶቿ። “ገንዘቡ አልቋል፤ ልጄ ግን ለእኔ አስባ እንደነበር አሁን ገና ሰማሁ” አለች። ማንበብ ለምን ያስፈልጋል ብሎ ለሚጠይቀን ሰው ከዚህ ሌላ መልስ የለንም። ሰው የራሱን ጉዳይ በሌላ ሰው አፍ መስማት የለበትም።

በስልክም ያው ነው። በ2013 ዓ.ም ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ገንዘብ የሚላከው፣ የሚቀመጠው በስልክ ሆኗል። እናቶቻችን ቁጥር አያውቁም ብለን ነበር የጀመርነው፤ ከ0 እስከ 9 ያለውን ሁሉም ከስልካቸው ለይተውታል! ችግሩ የሚስጥር ቁጥራቸውን ለልጅ፣ ለባለ ሱቅ፣ ለጎረቤት መንገራቸው ነው፤ መልእክቱን ራሳቸው ስለማያነቡ። ስለዚህ “ገብቷል”፣ “ወጥቷል”፣ “ቀሪ ሂሳብ” የሚሉት ቃላት ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶቻችን ገቡ።

በ2014 ዓ.ም የሆነውንም ሳናነሳ አናልፍም። በዚያ ጥቅምት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ብዙዎቻችን ልጅ አዝለን ወጣን፤ ስንመለስ ክፍሉ ወንበር አልነበረውም። ከመካከላችን አንዷ በተሰደደችበት ቦታ የእርዳታ ተቀባዮች ስም ግድግዳ ላይ ተለጥፎ እያለ፣ ስሟም እዚያው እያለ፣ ሦስት ቀን ተመላልሳ “የለሽም” ተብላ ባዶ እጇን ተመልሳለች። በአራተኛው ቀን አንድ የማታውቀው ልጅ አነበበላት። የራሷን ስም ብቻ ማንበብ ብትችል ሦስት ቀን ልጆቿ አይራቡም ነበር። ለዚህ ነው አሁን የመጀመሪያው ትምህርታችን የራስ ስም፣ ሁለተኛው ደግሞ ከሃያ ስሞች መካከል የራስን ስም ፈልጎ ማግኘት የሆነው።

ስለ ብድር ትምህርቱ ትንሽ ልንቆይ ነው፤ ከሁሉም ይልቅ የሞቀው ክፍል እርሱ ነበርና። እናቶቹ መደመርና መቀነስ አያስተምሩን አሉ፤ በቃል ከእኛ ይፈጥናሉ። ያልገባቸው ወለዱ ነው። ለምሳሌ ያህል 12,000 ብር ለአንድ ዓመት በ18 በመቶ ወለድ ተበደርሽ፣ በየወሩ 1,000 ብር ከዋናው ትከፍያለሽ እንበል። አመቻቿ 12 የባቄላ ፍሬ ምንጣፉ ላይ ደረደረች፤ አንዱ ፍሬ 1,000 ብር ነው። በየወሩ አንድ ፍሬ ታነሳለች። ውሉ “ወለዱ በመጀመሪያው ብድር ላይ ይታሰባል” የሚል ከሆነ ፍሬው ሁሉ እንዳልተነሳ ሆኖ ይታሰባል፤ በዓመት 2,160 ብር ወለድ ይሆናል። “በቀሪው ዕዳ ላይ” የሚል ከሆነ ግን ለየወሩ የሚታሰበው ምንጣፉ ላይ ለቀሩት ፍሬዎች ብቻ ነው። መጀመሪያ ለ12፣ ቀጥሎ ለ11፣ እያለ እስከ 1። ሲደመር 1,170 ብር ነው። ልዩነቱ 990 ብር። ሁለቱም ውል ላይ የተጻፈው ግን ያው “18 በመቶ” ነው!

ይህ ሲታይ ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ አንዷ “እስቲ የእኔን ውል አምጡት” አለች። በዚያ ቀን “በቀሪው” የሚለውን ቃል ያላነበበች አልነበረችም፤ ቀይ መስመር ሳይሰመርበት፣ ሳትለመን። ወለድ የማይወስዱት ሙስሊም እኅቶቻችንም አብረው ተቀምጠው ነበር። “እኛ ባንበደርም፣ ‘የአገልግሎት ክፍያ’ ብለው የሚጽፉት ወለድ ይሁን አይሁን ማወቅ አለብን” ነው ያሉት። ለእነርሱ ከወለድ ነጻ የሆነውን አሠራር የሚያስረዳ ሰው እየፈለግን ነው።

ኮምቦልቻ ላይ ሌላ ስህተታችንን አገኘን። ከተመዘገቡት መካከል አንዲት እናት ፊት “ፊደል አታውቅም” ብለን ጽፈናል። የቤታቸውን ወጪ መዝገብ ይዘው ሲመጡ ግን ደብተሩ ከቀኝ ወደ ግራ ተሞልቶ ነበር። በልጅነታቸው ቁርአን ቀርተዋል፤ የአማርኛውን ቃል በዓረብኛ ፊደል ይጽፉ ነበር። ወሎ ውስጥ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ዑለማዎቻችን አማርኛ መንዙማቸውን በዚህ ዓይነት፣ አጀሚ በሚባለው ጽሕፈት ሲያቆዩ ኖረዋል። እኛ ግን በቅጹ ላይ ለዚህ የሚሆን ሣጥን ስላልነበረን “አታውቅም” አልናቸው። እኚህ እናት ፊደሉን ከሁሉም ቀድመው ጨረሱ፤ ድምፅ በምልክት እንደሚጻፍ ቀድሞም ያውቁት ነበርና። በቤተ ክርስቲያን በኩልም ዳዊት በቃላቸው የሚደግሙ፣ ገጹን የሚያውቁ፣ ቃሉን ግን ለይተው የማያነቡ እናቶች አሉን። ሁሉም ከዜሮ አይነሳም። አሁን ስንመዘግብ “ምን ታውቂያለሽ?” ብለን እንጀምራለን።

እንግዲህ ሁሉ የተቃና እንዳይመስላችሁ። በቃላት እንጀምር ስንል መጀመሪያ የተቃወሙን ራሳቸው ተማሪዎቹ ናቸው። “ሀ ሁ ሂ ሳይባል ምን ትምህርት አለ? ልጆቻችን እንኳ እየዘመሩ ነው የተማሩት” አሉ። ገበታውን ግድግዳ ላይ ሰቅለን፣ ሲገቡና ሲወጡ አብረን እንድንል ተስማማን፤ በመካከሉ “ጤፍ”፣ “ምጣድ”፣ “ቅሬ”፣ “ብድር” እያልን ከቃል ፊደል እንለያለን። ሁለቱም ደስ ብሏቸዋል፤ መዝሙሩ ክፍሉን ያሞቀዋል፣ በደሴ ብርድ እርሱም ቀላል አይደለም።

የኮምቦልቻው ክፍል ዛሬም ደካማ ነው። ከተማው የፋብሪካ ከተማ ነው፤ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጀምሮ በ2009 ዓ.ም እስከተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ድረስ ሴቶቹ በፈረቃ ይሠራሉ። በዚህ ሳምንት ጠዋት የነበረች በሚቀጥለው ማታ ትሆናለች። አንድ ሰዓት መርጠን ብንቆርጥ ግማሹ ይቀራል። አንዱን ትምህርት በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ከሰዓት፣ ደግመን ማስተማር ጀምረናል፤ አመቻቿ ግን ድካሙ እጥፍ ሆኖባታል፣ ክፍያዋ እጥፍ አልሆነም። ይህን ሳንፈታ ሌላ ክፍል መክፈት የለብንም ብለን እናምናለን። በደሴ ሰዓቱን ወደ ጠዋት 3 ሰዓት አምጥተነዋል፤ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ። ዓርብ የለም። በጥር ሠርግ ሲበዛ፣ በሐምሌ ዝናቡ ሲጠነክር እንዘጋለን፤ ዘግተን “ቀሩ” አንልም። ወንበሩን ትተን ምንጣፍና ዱካ አድርገናል፣ ሕፃናት የሚጠብቁ ሁለት እናቶች በተራ ይመደባሉ። አመቻቾቹ ከራሳችን አባላት መካከል የተማሩት ናቸው፤ እማማ፣ እትዬ እያሉ ነው የሚያስተምሩት። ከመካከላቸው አንዷ ራሷ ከጥቂት ዓመት በፊት በዚሁ ማኅበር ክፍል ፊደል የቆጠረች ናት። ስትሳሳት “ይሄ እኔንም አስቸግሮኝ ነበር” ስትል ክፍሉ ትንፋሹን ያወጣል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንመለስ። በ2008 ዓ.ም በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች ማንበብ የሚችሉት 42 በመቶ፣ ከወንዶቹ ደግሞ 69 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ ያማል። ትኩረታችንን የሳበው ግን አለካኩም ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላልደረሰች ሴት ጠያቂዋ ካርድ ታቀርብላታለች፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ተጽፎበታል፤ “አንብቢልኝ” ትላታለች። ተመዝግበሽ ነበር ወይ ብቻ ብላ አትተዋትም። እኛም ይህን ተውሰናል። በየሦስት ወሩ እያንዳንዷ እናት ራሷ ያመጣችውን ወረቀት ታነባለች፤ ካነበበች “የመጣችበትን አገኘች” ብለን እንጽፋለን፣ ሌላ ወረቀት ልታመጣ ወይም ልትሄድ መብቷ ነው። ካላነበበች የምንጠይቀው ራሳችንን ነው። “አቋረጠች” የሚለው ቃል ከስም መጥሪያችን ወጥቷል።

በኮሚቴው ውስጥ ይህን ስንወያይ ከመካከላችን አንዷ “እውነቱን ከጻፍን እርዳታው ይቀንሳል፤ ሌሎች መቶ ሁለት መቶ እያሉ እኛ አሥራ ምናምን ስንል ማን ያየናል?” አለች። ይህ ፍርሃት ሞኝነት አይደለም፤ ጠመኔውም፣ የአመቻቾቹ አበልም የሚገዛው በዚያ ገንዘብ ነው። ብዙ ተከራክረናል፣ አንድ ምሽት ተኳርፈንም ተለያይተናል። በመጨረሻ የተስማማነው የተስተካከለውን ቁጥር ለደጋፊዎቻችን በደብዳቤ ልከን፣ ዛሬም በፊታችሁ ልንናገረው ነው። ደጋፊዎቻችን ሆይ፤ ከእንግዲህ “ስንት ተመዘገቡ?” ብላችሁ አትጠይቁን፣ “ምን አነበቡ?” በሉን። መልሳችን አጭር ዝርዝር ይሆናል፤ አንድ የብድር ውል፣ አንድ የክትባት ካርድ፣ አንድ የቆየ ደብዳቤ። ይህ አያረካንም የምትሉ ካላችሁም ንገሩን፤ ባዶ ወንበር ቆጥረን ከምናስደስታችሁ ብትቀየሙን እንመርጣለን።

ከአባላት የምንፈልገው ደግሞ ውሳኔ ነው። ሦስት ነገር አቅርበናል። በአንድ ክፍል ከ20 እናት በላይ እንዳንመዘግብ። የኮምቦልቻዋ አመቻች ለሁለቱም ፈረቃ ክፍያ እንድታገኝ፤ ገንዘቡ ከዓመት በዓል ዝግጅታችን ወጪ ተቀንሶ ይሸፈናል፣ ይህ ደስ የማይላችሁ እንዳላችሁ እናውቃለን። ሦስተኛው ይህ መጽሔት ነው። እስከ ዛሬ የሚነበበው በተማሩት አባላትና በደጋፊዎች ነው፤ ስለ እነርሱ የምንጽፍላቸው እናቶች ግን አያነቡትም። ከሚቀጥለው እትም ጀምሮ የመጨረሻው ገጽ በትልልቅ ፊደል፣ በአጫጭር ዓረፍተ ነገር፣ ለአዲስ አንባቢ ይሁን። ጽሑፉም የእነርሱ ይሁን። የመጀመሪያው ተዘጋጅቷል፤ የደብዳቤዋ ባለቤት ለልጇ የጻፈችው መልስ ነው። አምስት መስመር ነው፣ ስህተቱን አላረምንም።

ሐሳቡ አሁን ጮክ ተብሎ ሁለት ጊዜ ይነበባል፤ ሁላችንም እኩል እንድንሰማው። ከዚያ ቡናው ይመጣል፣ ከሁለተኛው ቡና በኋላ እጅ በማውጣት ድምፅ እንሰጣለን። የተቃወማችሁም ቃላችሁ በቃለ ጉባኤው ይያዛል። አዲስ መመዝገብ የምትፈልጉ እናቶች መስከረም 10 ቀን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ኑ፤ መታወቂያ አያስፈልግም፣ ማንበብ የምትፈልጉትን አንድ ወረቀት ብቻ ይዛችሁ ኑ።